የጠራ ውሃ ሁሉ ንጹሕ ነውን?
የፍሳሽ ማጣራት፣ የትንሹ አቃቂ ወንዝና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ ከፍታዎች የሚነሱ ጅረቶችን እየሰበሰበ በከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል ይወርዳል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የመካኒሳንና የላፍቶን አካባቢ አልፎ ወደ ቃሊቲ ያመራል። ከዚያም በስተምሥራቅ ከሚመጣው ከትልቁ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል የውሃ ማጠራቀሚያ ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ይጓዛል። ወንዙ በዚህ ሁሉ መንገድ የሚቀበለው የዝናብና የምንጭ ውሃ ብቻ አይደለም። ከመኖሪያ ቤት፣ ከገበያ፣ ከምግብ ቤት፣ ከፋብሪካና ከመጸዳጃ ቤት የሚወጣ ፍሳሽም ይገባበታል። በዚሁ ወንዝ ዳርቻ ደግሞ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮትና ቀይ ሥር በመስኖ ሲለማ ኖሯል።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የክፍለ ከተማው ነዋሪ ቁጥር ከ300 ሺህ በላይ ነበር። በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳና በጎፋ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ደግሞ የሕዝቡን ብዛትም ሆነ የፍሳሹን መጠን ከፍ አድርገውታል። አንድ ነዋሪ ውሃ ለቅቆ ከመጸዳጃ ቤቱ ሲወጣ ጉዳዩ የተፈጸመ ይመስለዋል። ለጤና ባለሙያ ግን ጥያቄው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ፍሳሹ ወዴት ሄደ? በመንገዱ ላይ ከውስጡ ምን ተወገደ? ምንስ ቀረ? የቀረውስ ተመልሶ ወደ ማን ማዕድ ደረሰ?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የፍሳሽ ማጣራትን አሠራር ከጤና አንጻር ማብራራት ነው። ዋናው ነጥቡም የሚከተለው ነው። ፍሳሽን ማጣራት ለወንዙ የሚሰጠው ጥቅምና ለሰው ጤና የሚሰጠው ጥቅም ሁልጊዜ እኩል አይራመዱም። ሽታው የጠፋና መልኩ የጠራ ውሃ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን በብዛት ሊይዝ ይችላል። በመሆኑም ጣቢያ መገንባት እጅግ አስፈላጊ ቢሆንም የጤና ባለሙያውን ከኃላፊነት ነጻ አያደርገውም።

ፍሳሽ ምን ይዟል?

ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ፍሳሽ ከመቶ 99.9 እጁ ውሃ ነው። ችግሩ ያለው በቀሪው ጥቂት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ይህንንም በአራት መድቦ ማየት ይቻላል።

የመጀመሪያው የምግብ ትርፍራፊ፣ ሰገራ፣ ቅባትና ሳሙና የመሳሰለው በስባሽ ነገር ነው። ይህ ነገር ወንዝ ውስጥ ሲገባ ባክቴሪያዎች ይመገቡታል፤ ሲመገቡትም በውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ወንዙ የሚጠቁረውና የሚሸተው በዚህ ምክንያት ነው። የበስባሹ መጠን የሚለካው በባዮኬሚካል የኦክስጅን ፍላጎት ነው። ሁለተኛው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሲሆን፣ ገበሬው ፍሳሽ የገባበትን ውሃ የሚወድደው ማዳበሪያ የሚሆነው ይህ ንጥረ ነገር ስላለበት ነው። ሦስተኛው ከቆዳ ፋብሪካ፣ ከጋራዥ፣ ከብረታ ብረት ሥራና ከመሳሰሉት የሚመጣው ኬሚካል ነው፤ ክሮምየምና እርሳስ እዚህ ላይ ይጠቀሳሉ።

አራተኛውና በሽታን በቀጥታ የሚያመጣው የረቂቅ ተሕዋስያንና የጥገኛ ትላትል ክፍል ነው። ሳልሞኔላ፣ ሺጌላ፣ የኮሌራ ባክቴሪያ፣ ሮታ ቫይረስ፣ የሄፓታይተስ ኤ ቫይረስ፣ ጃርዲያ፣ አሜባ፣ እንዲሁም የወስፋት፣ የመንጠቆ ትልና የኮሶ እንቁላሎች ሁሉ በሰገራ አማካይነት ወደ ፍሳሽ ይገባሉ። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200 ሺህ እንቁላል ትጥላለች። ሺጌላ በሽታ ለማስያዝ ከ10 እስከ 100 የሚሆኑ ሕዋሳት ሊበቁት ይችላሉ። ስለዚህ የጥቂት ሕሙማን ሰገራ ለብዙ ሰዎች አደጋ ይሆናል።

ፍሳሹ የሚጓዝባቸው መንገዶች

በደቡብ አዲስ አበባ ፍሳሽ ከቤት ወጥቶ የሚጓዝባቸው ዋና ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው በቱቦ መስመር ወደ ማጣሪያ ጣቢያ የሚሄደው ነው። ሁለተኛው በጉድጓድ ወይም በሴፕቲክ ታንክ ተጠራቅሞ ሲሞላ በቦቴ መኪና ተመጥጦ የሚወሰደው ነው። ይህ ዝቃጭ ለረጅም ዓመታት በኮተቤና በቃሊቲ ወደሚገኙ ማድረቂያ ስፍራዎች ሲወሰድ ቆይቷል። ሦስተኛው ምንም ሳይጣራ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ ወይም በቀጥታ ወደ ወንዝ የሚለቀቀው ነው።

ሦስተኛው መንገድ በሕግ የተከለከለ ነው። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300ም ማንኛውም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ከልክሏል። ይሁን እንጂ ሌላ አማራጭ የሌለው ቤተሰብ መጸዳጃ ቤቱ ሲሞላ ዝናብን ጠብቆ የሚለቅበት፣ የቱቦ መስመር ሲደፈን ፍሳሹ ከማንሆል ፈንቅሎ በመንገድ የሚፈስበት ሁኔታ አለ። ጣቢያው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን ወደ እርሱ ያልደረሰውን ፍሳሽ ሊያጣራ አይችልም። የፍሳሽ አገልግሎት ሲመዘን መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባውም ከሚመነጨው ፍሳሽ ውስጥ ምን ያህሉ ጣቢያው በር ደረሰ የሚለው ነው።

የቃሊቲ ማጣሪያ፦ ከኩሬ ወደ ማብላያ

የአዲስ አበባ የፍሳሽ መስመር የተዘረጋውና በቃሊቲ የመጀመሪያው ማጣሪያ ጣቢያ የተገነባው በ1970ዎቹ ዓ.ም. ነው። ቦታው የተመረጠው ከተማዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘቀዝቅ ፍሳሹ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ነበር። ጣቢያው በቀን 7,600 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ፍሳሽ፣ ማለትም የ50 ሺህ ሰዎችን ፍሳሽ፣ እንዲያጣራ የታቀደ ሲሆን አሠራሩም በተከታታይ ኩሬዎች ላይ የተመሠረተ ነበር።

የኩሬ አሠራር ቀላል ቢመስልም ከጤና አንጻር ትልቅ ብልኃት አለው። ፍሳሹ በመጀመሪያ ጥልቅ ኩሬ ውስጥ ሲገባ ከባዱ ነገር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ኦክስጅን የማይፈልጉ ባክቴሪያዎችም ያብላሉታል። በቀጣዩ ኩሬ ከላይ አልጌ ይበቅላል። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ሲያመነጭ ሌሎች ባክቴሪያዎች በዚያ ተጠቅመው ቀሪውን በስባሽ ነገር ይመገባሉ። በመጨረሻዎቹ ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች የፀሐይ ጨረር ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፤ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከውሃው ስለሚወስድም የውሃው አልካላይነት ከፍ ይላል። በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች እነዚህን ሁለቱን አይቋቋሙም። የወስፋት እንቁላል ደግሞ ከውሃ ስለሚከብድ ፍሳሹ በኩሬዎቹ ውስጥ ለቀናት ሲቆይ ይዘቅጣል። ጉድለቱ ሰፊ መሬትና ረጅም ጊዜ መፈለጉ ነው። ኩሬው ከአቅሙ በላይ ፍሳሽ ሲገባበት ፍሳሹ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል፤ በመጀመሪያ የሚጎድለውም ይኸው ተሕዋስያንን የመግደል ችሎታው ነው።

ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ የቀድሞው ጣቢያ አቅም በቂ ባለመሆኑ በዚያው በቃሊቲ በቀን 100 ሺህ ኪዩቢክ ሜትር የሚያጣራ አዲስ ጣቢያ ተገንብቶ በ2010ዎቹ ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ከቀድሞው ጋር ሲነጻጸር አቅሙ ከ13 እጥፍ ይበልጣል። አዲሱ አሠራር ሁለት ዋና ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ ፍሳሹ ከትልቅ ማብላያ ገንዳ ሥር ገብቶ ወደ ላይ ሲወጣ በገንዳው ውስጥ በተንሳፈፈው የባክቴሪያ ዝቃጭ መካከል ያልፋል። ባክቴሪያዎቹም ያለ ኦክስጅን በስባሹን ነገር ወደ ሚቴን ጋዝ ይለውጡታል። በሁለተኛው ደረጃ ፍሳሹ ለባክቴሪያ መያዣነት በተደረደረ ነገር ላይ ከላይ ወደ ታች ይንጠባጠባል። በዚያ ላይ የበቀለው ቀጭን የተሕዋስያን ሽፋን ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ የቀረውን በስባሽ ነገር ያስወግዳል።

የዚህ አሠራር ጥቅም ግልጽ ነው። በትንሽ መሬት ላይ ብዙ ፍሳሽ ያስተናግዳል፤ በመጀመሪያው ደረጃ ኦክስጅን ለማስገባት የኤሌክትሪክ ኃይል አይጠይቅም። ያለ ኦክስጅን የሚከናወነው ማብላላት ግን ሙቀት ይወድዳል፤ ፍሳሹ ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲሆን ሥራው እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለምትገኘው አዲስ አበባ ይህ ቀላል ጉዳይ ባለመሆኑ የጣቢያው ባለሙያዎች በቀዝቃዛ ወራት ልዩ ጥንቃቄ ማድረግ አለባቸው።

“90 ከመቶ ተወግዷል” ሲባል

የማጣሪያ ጣቢያ ውጤት ብዙውን ጊዜ የሚገለጸው በመቶኛ ነው። ከበስባሹ ነገር 90 ከመቶ ተወገደ ከተባለ ለወንዙ በእርግጥ ታላቅ እፎይታ ነው። ይኸው 90 ከመቶ በተሕዋስያን ላይ ሲነገር ግን ትርጉሙ ፈጽሞ ይለያል።

በ100 ሚሊ ሊትር ጥሬ ፍሳሽ ውስጥ 10 ሚሊዮን ወይም ከዚያ በላይ የሰገራ ባክቴሪያ መገኘቱ የተለመደ ነው። ከዚህ ውስጥ 90 ከመቶው ቢወገድ 1 ሚሊዮን ይቀራል። 99 ከመቶው ቢወገድ 100 ሺህ፣ 99.9 ከመቶው ቢወገድ 10 ሺህ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው መመሪያ በጥሬው ለሚበላ አትክልት መስኖ የሚውል ውሃ በ100 ሚሊ ሊትር ከ1,000 ያልበለጠ የሰገራ ባክቴሪያ፣ በሊትርም ከ1 ያልበለጠ የትል እንቁላል እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። ከ10 ሚሊዮን ወደ 1,000 ለመድረስ 99.99 ከመቶ ማስወገድ ያስፈልጋል።

በዚህ ምክንያት የዘርፉ ባለሙያዎች መቶኛን ትተው በእርከን ይቆጥራሉ። አንድ እርከን ማለት የተሕዋስያኑ ቁጥር ለአሥር ተካፈለ ማለት ነው፤ ሁለት እርከን ለመቶ፣ ሦስት እርከን ለሺህ መካፈሉን ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው መመሪያ እንደተመለከተው ያለ ኦክስጅን የሚሠራው ማብላያ ገንዳ ባክቴሪያን የሚቀንሰው ከግማሽ እስከ አንድ እርከን ተኩል ብቻ ነው። የማንጠባጠቢያው ደረጃ ከአንድ እስከ ሁለት እርከን ይጨምራል። ሁለቱ ተደምረው 10 ሚሊዮኑን ወደ 300 ሺህ፣ እጅግ በተሳካ ጊዜም ወደ 3 ሺህ ገደማ ያወርዱታል። ከእነዚህ ደረጃዎች በኋላ በክሎሪን፣ በአልትራ ቫዮሌት ጨረር ወይም በማጠናቀቂያ ኩሬ ተሕዋስያኑን የሚገድል ደረጃ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ያም ሆኖ ክሎሪን የወስፋትን እንቁላል አይገድልም። እርሱን የሚያስወግደው እንዲዘቅጥ ማድረግ ወይም በአሸዋና በመሳሰለው ማጣራት ነው።

ሙከራውን ማንም ሊያየው ይችላል። ከማጣሪያ የወጣ ውሃ በብርጭቆ ተቀድቶ ብርሃን ላይ ቢታይ ጠርቶ ይታያል፤ ሽታም ላይኖረው ይችላል። ዓይን በስባሹ ነገር መወገዱን ይመሰክራል፤ ስለ ተሕዋስያኑ ግን የሚናገረው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ዝቃጩስ?

ከውሃው የተለየው ነገር አልጠፋም፤ ወደ ዝቃጩ ተዛውሯል። የወስፋት እንቁላሎችም ሆኑ ክሮምየምን የመሰሉ ከባድ ብረቶች በብዛት የሚከማቹት በዚያ ነው። የወስፋት እንቁላል በእርጥብና ጥላ ባለው አፈር ውስጥ ለወራት፣ አልፎ አልፎም ለዓመታት በሕይወት ይቆያል። ስለዚህ ገና ያልደረቀ ወይም በአግባቡ ያልተብላላ ዝቃጭን ለማዳበሪያ ማዋል አደጋውን ከወንዙ ወደ ማሳው ማዛወር ነው። ዝቃጩ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ተቀላቅሎ ብስባሽ በሚሆንበት ጊዜ የውስጥ ሙቀቱ ከ55 ዲግሪ በላይ ሆኖ ለበርካታ ቀናት ከቆየ እንቁላሎቹ ይሞታሉ። ከባድ ብረቶች ግን በሙቀትም ሆነ በጊዜ ብዛት አይጠፉም፤ መፍትሔያቸው ፋብሪካው ከግቢው ሳያወጣ እንዲያስወግዳቸው ማድረግ ነው።

ማሳውና ማዕዱ

የትንሹ አቃቂ አደጋ በሁለት ወቅቶች ሁለት መልክ አለው። በክረምት ጎርፍ መጸዳጃ ጉድጓዶችን አጥቦ ወደ ወንዙና ወደ ዝቅተኛ መንደሮች ያስገባል። የተቀደዱ የመጠጥ ውሃ ቱቦዎችም በዚያ ጊዜ በቀላሉ ይበከላሉ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት በአዲስ አበባ የተከሰተው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በተለምዶ አተት የተባለው፣ የዚህን ወቅት ባሕርይ ያስታውሳል። በበጋ ደግሞ የዝናብ ውሃ ስለሚቀንስ በወንዙ ውስጥ የፍሳሹ ድርሻ ከፍ ይላል። መስኖ በብዛት የሚያስፈልገውም በዚሁ ጊዜ ነው። ዐቢይ ጾም የሚውለውም በበጋ በመሆኑ የአትክልት ፍላጎት የሚያድግበትና የመስኖ ውሃው እጅግ የሚወፍርበት ጊዜ ይገጣጠማሉ።

በዚህ ረገድ የአገራችን የምግብ አዘገጃጀት ራሱ አንድ መከላከያ ይሰጣል። ጎመንና ቆስጣ በሚገባ ሲበስሉ ተሕዋስያኑ ከስድስት እስከ ሰባት እርከን ይቀንሳሉ፤ ይህም የትኛውም ጣቢያ በቀላሉ የማይደርስበት ውጤት ነው። አደጋው የሚበረታው በጥሬው በሚበላው ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም፣ እንዲሁም ጥሬ አትክልት በተከተፈበት ሰሌዳና ቢላዋ ላይ ነው።

ሌላው ብዙ ጊዜ የማይታሰበው መንገድ የከብት ነው። የኮሶ እንቁላል ከሰው ሰገራ ወደ ወንዝና ወደ ግጦሽ ከገባ ከብቱ በውሃው ወይም በሣሩ አማካይነት ይወስደዋል፤ በሥጋውም ውስጥ ይቋጠራል። ጥሬ ሥጋ የሚወድድ ሰው ሥጋውን ሲበላ ዑደቱ ይጠናቀቃል። ስለዚህ ኮሶን የሥጋ ቁጥጥር ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ግማሹን መንገድ መዘንጋት ነው።

ከሌሎች አገሮች የተገኘ ትምህርት

ፍሳሽና ጥሬ አትክልት ሲገናኙ ምን እንደሚደርስ ሌሎች አገሮች በመራራ ሁኔታ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 በኢየሩሳሌም የተነሣው የኮሌራ ወረርሽኝ ባልተጣራ ፍሳሽ በመስኖ ከለማ ሰላጣና አትክልት ጋር የተያያዘ እንደነበር በጥናት ተረጋግጧል። የቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ ለብዙ ዓመታት ከፍተኛ የአንጀት ተስቦ ስርጭት ነበረባት። እ.ኤ.አ. በ1991 ኮሌራ ወደ ደቡብ አሜሪካ ሲገባ የአገሩ መንግሥት በጥሬው የሚበሉ አትክልቶችን ባልተጣራ ፍሳሽ ማጠጣትን ከለከለ፤ የአንጀት ተስቦው ቁጥርም በፍጥነት አሽቆለቆለ።

በሌላ በኩል እገዳ ብቻውን ሁልጊዜ የሚሠራ መፍትሔ አይደለም። ከወንዙ ሌላ ውሃ የሌለው ገበሬ ኑሮው በማሳው ላይ ነው፤ ከተማዋም ትኩስ አትክልት ትፈልጋለች። የዓለም ጤና ድርጅት የ2006 መመሪያ ስለዚህ የተደራራቢ መከላከያን ሐሳብ አቀረበ። በጥሬው ለሚበላ ቅጠል ከፍሳሹ እስከ ማዕዱ ባለው መንገድ በድምሩ ስድስት እርከን ያህል ቅነሳ እንዲገኝ ይፈለጋል፤ ቅነሳው ግን በአንድ ቦታ መገኘት የለበትም። ጣቢያው ሦስት እርከን ቢቀንስ፣ ገበሬው ከመሰብሰቡ በፊት ለሁለት ቀናት ውሃ ማጠጣቱን በማቆሙ ፀሐይ ቢያንስ አንድ እርከን ብትጨምር፣ ቤት ውስጥ በፀረ ተሕዋስያን ውሃ መታጠቡ ሁለት እርከን ቢያስገኝ ድምሩ ስድስት ይሆናል። አንዱ መከላከያ ሲላላ ሌሎቹ ሊጠብቁ ይገባል። በተራ ውሃ ብቻ ማጠብ አንድ እርከን ብቻ ስለሚቀንስ በጥሬ ወንዝ ውሃ ለለማ ሰላጣ ፈጽሞ አይበቃም።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

ከዚህ በላይ የተገለጸው የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ቢመስልም በጤና ጣቢያና በክሊኒክ የሚሠሩ ባለሙያዎች ከመከላከያዎቹ አንዱ ናቸው። በተለይ የሚከተሉት ነጥቦች ሊጤኑ ይገባል።

1. ታሪክ ሲወሰድ። ተቅማጥ፣ ተደጋጋሚ የትል በሽታ ወይም የአንጀት ተስቦ ጥርጣሬ ያለበት ሕመምተኛ ሲመጣ የመኖሪያ ሰፈሩ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ዓይነትና ሁኔታ፣ ሥራው፣ ጥሬ አትክልት የመመገብ ልማዱ ሊጠየቅ ይገባል። ለወስፋት የታከመ ሕፃን በአንድ ዓመት ገደማ ተመልሶ መያዙ የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ትሉን ያወጣል እንጂ በአፈሩ ውስጥ ያለውን እንቁላል አይነካም።

2. ክምችትን መለየት። ከአንድ መንደር ወይም ከአንድ ሕንፃ በአጭር ጊዜ ውስጥ በርካታ የተቅማጥ ሕሙማን ሲመጡ የጋራ ምንጭ መኖሩ ሊጠረጠር ይገባል። የተሰበረ የፍሳሽ መስመር ከመጠጥ ውሃ ቱቦ ጎን ሊሆን ይችላል። በክረምት አጣዳፊ ውሃማ ተቅማጥ ያለበት ሕመምተኛ ሲገኝ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ሳይጠበቅ ፈሳሽ የመተካት ሕክምናው ሊጀመርና ለሚመለከተው የጤና ጽሕፈት ቤት በዕለቱ ሪፖርት ሊደረግ ይገባል።

3. በሥራቸው የተጋለጡትን መጠበቅ። የወንዝ ዳርቻ ገበሬዎች፣ የጉድጓድ ጠራጊዎች፣ የፍሳሽ ቦቴ ሠራተኞችና የማጣሪያ ጣቢያ ሠራተኞች ከማንም በላይ ይጋለጣሉ። ቦት ጫማ መንጠቆ ትልን፣ ጓንትና እጅ መታጠብ ሌላውን ይከላከላሉ። ለእነዚህ ሠራተኞች በየጊዜው የሰገራ ምርመራ፣ የትል ሕክምናና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት እንዲሰጥ ማድረግ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ወደ ጥልቅ ጉድጓድ የሚወርዱ ሰዎች በጋዝ ታፍነው ሊሞቱ ስለሚችሉ ብቻቸውን መውረድ እንደሌለባቸውም ሊነገራቸው ይገባል።

4. ግልጽ የጤና ትምህርት መስጠት። “አትክልት በደንብ እጠቡ” ማለት በቂ አይደለም። በጥሬው የሚበላ ቅጠል በመጀመሪያ አንድ በአንድ እየታሸ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ አፈሩ ሊወገድ ይገባል። አፈር ካለበት ክሎሪን ኃይሉን በአፈሩ ላይ ይጨርሳል፤ የትል እንቁላልንም ከቅጠሉ የሚያላቅቀው ማሸቱ እንጂ ክሎሪኑ አይደለም። ቀጥሎ 5 ከመቶ ክሎሪን ያለውና ሽቶ ያልተጨመረበት በረኪና ሁለት የሻይ ማንኪያ በ5 ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ቅጠሉ ለ10 ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፋል፤ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጣዕም ለመስጠት ይጠቅማል እንጂ የዚህን ቦታ አይተካም። ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሕፃናትና የመከላከል አቅማቸው ለተዳከመ ሕሙማን የሚሻለው ምክር አትክልቱን አብስሎ መመገብ ነው።

5. የራስን ግቢ መመልከት። ጤና ተቋም ራሱ የፍሳሽ ምንጭ ነው። ከላቦራቶሪ፣ ከማዋለጃና ከተቅማጥ ማከሚያ ክፍል የሚወጣ ፍሳሽ ከተራ ቤት ፍሳሽ የበለጠ አደገኛ ተሕዋስያንን፣ መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎችንም ጭምር ይይዛል። የተቋሙ ሴፕቲክ ታንክ መቼ እንደተመጠጠ፣ ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት በመታጠቢያ ገንዳ ይደፋ እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ኃላፊ በየተቋሙ ሊኖር ይገባል።

6. መረጃን ማቀናጀት። የአዲስ አበባ ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የውሃውን ጥራት መረጃ ይይዛል፤ ጤና ጣቢያዎች የሕሙማንን መረጃ ይይዛሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ካልተነበቡ የቱ መስመር ጥገና የቱን መንደር ተቅማጥ እንደቀነሰ ማወቅ አይቻልም። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ሲዘዋወሩ ከሞላ ጉድጓድና ከተደፈነ ማንሆል ጋር በቅድሚያ የሚገናኙ በመሆናቸው የሚያዩትን የሚያሳውቁበት አጭር መንገድ ሊዘጋጅላቸው ይገባል።

ማጠቃለያ

በቃሊቲ የተገነባው ሰፊ ማጣሪያ ለትንሹ አቃቂና ከታች ለሚገኘው ሕዝብ ትልቅ እርምጃ ነው። ጣቢያ በመቶኛ የሚለካውን የወንዙን ሸክም ያቀልላል። የጤና አደጋ ግን በእርከን የሚለካ ስለሆነ ከጣቢያው በፊት የቱቦ መስመርና በአግባቡ የሚመጠጥ ጉድጓድ፣ ከጣቢያው በኋላ ደግሞ ጠንቃቃ ገበሬ፣ ጠንቃቃ ማዕድ ቤትና ነቅቶ የሚጠብቅ ጤና ጣቢያ ያስፈልጉታል።

በመካኒሳ ወይም በላፍቶ አንድ ሕፃን በዓመት ሦስት ጊዜ የትል መድኃኒት ሲታዘዝለት ሦስቱም ማዘዣዎች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሕፃኑ ለአራተኛ ጊዜ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚያደርገው ግን ከመጸዳጃ ቤቱ እስከ ገበታው ያለው መንገድ የት ላይ እንደተከፈተ የጠየቀና ለሚዘጋው አካል ያሳወቀ ባለሙያ ነው።